የገብስማዋ መንግሥት

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ዶሮ ታሪክ ላወጋህ ነውና ከመሳቅህ በፊት ጥቂት ታገሠኝ። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ፣ ስለ ደራስያንና ስለ ከተሞች አመሠራረት ብዙ ተጽፏል፤ እኔም እንደ አቅሚቲ ጥቂት ሞክሬአለሁ። ስለ ዶሮ መንግሥት ግን ከሦስት ዓመት በፊት ለመጻፍ ቀርቶ ለማሰብም አልቃጣሁም ነበር። ወደዚህ ጉዳይ የመራችኝ በእናቴ ጓሮ የነገሠች አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት። እሷን ተከትዬ ስሄድ ኖርዌይ ደረስኩ፤ ከኖርዌይ አሜሪካ ተሻገርኩ፤ በመጨረሻም ወደ ገዛ ቤታችን ማዕድ ተመለስኩ። የመጨረሻው መንገድ ከሁሉም አጭሩ ነበር፤ ለመሄድ ግን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

እናቴ ከመምህርነት ሥራዋ በጡረታ ከተገለለች ወዲህ፣ አዲስ አበባ ዳር ባለችው ጠባብ ግቢያችን ዶሮ ታረባለች። እንቁላሉ ለቤት ይሆናል፤ የተረፈው ለጎረቤት ይሸጣል፤ ከሽያጩ የምትገኘው ገንዘብም ትንሽ ብትሆን የእናቴ የራሷ ገንዘብ ናትና ክብሯ ትልቅ ነው። በዚያ ዓመት ስድስት ሴት ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ ነበሩን። አውራውን ለገና አረድነው። ሴቶቹ ስም አልነበራቸውም፤ በመልካቸው ነበር የምንጠራቸው፤ ገብስማዋ፣ ቀይዋ፣ ጥቁሯ፣ ነጯ፣ ጉትያዋ፣ እንዲሁም አንገቷ ላባ የሌላት መላጣዋ።

ከገና በኋላ ባሉት ሳምንታት ጓሮው ሰላም አጣ። ፉርሽካው ገንዳ ላይ ሲፈስ ገብስማዋ መካከል ትቆማለች፤ የቀረበችውን ሁሉ አናት አናቷን ትነቁራለች። ሌሎቹ ዳር ዳሩን እየሸሹ ይለቅማሉ። መላጣዋ ግን ዳሩም አይደርሳትም። ከበርሜሉ ኋላ ተሸጉጣ ትቆይና፣ ሌሎቹ ጠግበው አመድ ላይ መንከባለል ሲጀምሩ ብቅ ብላ ከገንዳው ሥር የቀረውን ትለቃቅማለች። ውኃም የምትጠጣው ያኔ ነው። በየካቲት መጨረሻ የራሷ ጀርባ ላባው ተነቅሎ ቆስሎ ነበር። እንቁላል መጣል አቆመች፤ ማታም ቆጥ ላይ መውጣቷን ትታ መሬት ላይ ታድር ጀመር።

እናቴ ፍርዷን ሰጠች። «ለፋሲካ ሌላ ዶሮ አልገዛም፤ ገብስማዋ ናት!» አለች። ለእኔም ፍርዱ ትክክል መሰለኝ። ጨቋኙን ማስወገድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጓሮው ይረጋጋል። ይህን ስንነጋገር በሥራ የምታግዘን ልጅ ደጃፉ ላይ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከሰሜን ሸዋ ገጠር ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቀና ሳትል፣

«እትዬ፣ ገብስማዋን ቢያርዷትም ለመላጣዋ አይጠቅማትም» አለች።

«ለምን?»

«ቀይዋ ትተካለቻ። ቀይዋ ደግሞ ከገብስማዋ ትብሳለች።»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?» አለች እናቴ።

«አያለኋ!»

ከዚያም ሽንኩርቱን ሳታቋርጥ ዝርዝሩን ነገረችን። ገብስማዋ ሁሉንም ትነቁራለች፤ እሷን የሚነካት የለም። ቀይዋ ከገብስማዋ በቀር ሁሉንም ትነቁራለች። ጥቁሯ ነጯን፣ ነጯ ጉትያዋን ትነቁራለች፤ ጉትያዋ ግን ዞራ ጥቁሯን ትነቁራለች። መላጣዋን ሁሉም ይነቁሯታል፤ እሷ ማንንም አትነቁርም። እናቴ ሳቀች። እኔ ግን የጋዜጠኝነት ትምህርቴ ያተረፈልኝ አንድ ልማድ ቢኖር የተነገረኝን አለማመን ነውና፣ በማግሥቱ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ጓሮ ተቀመጥኩ። ዐሥር ቀን ሙሉ ማን ማንን እንደነቆረ ጻፍኩ። የልጅቷ ዝርዝር አንድም ስሕተት አልነበረበትም። የጥቁሯ፣ የነጯና የጉትያዋ ዙሪያ ጥምጥም እንኳ እንዳለችው ነበር።

*

የሰው ልጅ ከዶሮ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። የዛሬዋ ዶሮ ዝርያዋ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ እስካሁን ከተገኙት የለማዳ ዶሮ አጥንቶች ቀዳሚዎቹ በታይላንድ ባን ኖን ዋት በተባለው ሥፍራ የተቆፈሩት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ዘመን ይገመታል። የዱር ዶሮዋን ከጫካ ያወጣት የሩዝና የማሽላ መሰል እህሎች እርሻ እንደሆነ አጥኚዎቹ ያምናሉ። ጥሬ ፍለጋ መጣች፤ በዚያው ቀረች።

እኛም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሳችን ገጽ አለን። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለው ከአክሱም ዘመን የሚቀድም የሰፈራ ቦታ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች፣ በቀጥታ በተደረገላቸው የዕድሜ ምርመራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ጊዜ ውስጥ የኖሩ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም በአፍሪካ በቀጥታ ዕድሜያቸው ከተለካው የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ቀደምት ነበር። እንግዲህ የእናቶቻችን እናቶች ዶሮ ሲጠሩ፣ ጥሬ ሲበትኑ፣ ቆጥ ሲያበጁ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ዶሮ እርስ በርሷ እንደምትነቋቆር ያላየ ገበሬ፣ ያላየች ባልቴት አልነበረም። አማርኛችንም ራሱ ምስክር ነው። ሰዎች ያለ ፍሬ ነገር ሲጣሉ «ይናቆራሉ» እንላለን። ሆኖም ማየት አንድ ነገር ነው፤ መቁጠር ሌላ ነገር ነው። መናቆሩ ሕግ እንዳለው ለዓለም ያሳወቀው አንድ የኖርዌይ ልጅ ነው።

*

ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤበ እ.ኤ.አ. በ1894 ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክሪስቲያኒያ ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም ቀራጮች ነበሩ፤ አባቱ አክሰል ኤበ ስዊድናዊ፣ እናቱ ሜንጋ ሼልደሩፕ ኖርዌያዊት። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ከዶሮ ጋር ፍቅር ያዘው። ሌሎች ልጆች በኳስ ሲጫወቱ እሱ ከዶሮ ቤት ደጃፍ አይጠፋም ነበር። እያንዳንዷን ዶሮ በመልኳ ለይቶ ያውቃል፤ ማን ማንን እንደምትነቁር በደብተር ይመዘግባል። ይህ የልጅነት መዝገብ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመንኛ በአንድ የሥነ ልቦና መጽሔት ላይ ታተመ። ጀርመኖች ነገሩን «የመንቆር ሥርዓት» አሉት፤ ቃሉም ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም ወደ መላው ዓለም ተሻገረ።

ግኝቱ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሁለት ዶሮዎች ሲገናኙ አንዷ ነቋሪ፣ አንዷ ተነቋሪ ትሆናለች። ነገሩ አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያው ግጥሚያ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ መዋጋት አያስፈልግም፤ የነቋሪዋ ቀና ማለት ብቻ ይበቃል። ስድስት ዶሮ ባለበት ጓሮ ዐሥራ አምስት ጥንድ አለ፤ ስለዚህም ዐሥራ አምስት ውሳኔ አለ። እያንዳንዷ ዶሮ ከአምስቱ ጓደኞቿ ጋር ያላትን ውል በራሷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ዶሮዎች የሚለያዩት በይበልጥ በራስና በአንገት አካባቢ ባለው መልካቸው ነው። አንዷ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ያህል ከመንጋው ከራቀች ግን ውሉ ይረሳል፤ ስትመለስ እንደ ባዕድ ትቆጠርና ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል።

ሼልደሩፕ ኤበ ሌላም ነገር አስተውሏል። ሥርዓቱ ሁልጊዜ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ አንደኛዋ ሁለተኛዋን፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ዞራ አንደኛዋን የምትነቁርበት ሦስት ማዕዘን ይፈጠራል። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ጥቁሯ፣ ነጯና ጉትያዋ! እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን መጽሔት የታተመውን ነገር፣ አንዲት የሸዋ ልጅ ሽንኩርት እየላጠች ነግራን ነበር። ልዩነቱ እሱን የሚያትምለት መጽሔት ማግኘቱ፣ እሷን ደግሞ የሚሰማት ሰው አለማግኘቷ ነው።

የሚገርመው የግኝቱ ባለቤት የራሱ ዕጣ ነው። በኖርዌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያን ጊዜ ትልቅ ሥፍራ የነበራቸው የሥነ እንስሳት ምሁር ክሪስቲነ ቦነቪ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆኑት እኚሁ ናቸው። ወጣቱ በመጀመሪያ በእሳቸው ዘንድ ተወዳጅ እንደነበረ፣ ኋላ ግን ፕሮፌሰሯን በሚነካ አንድ የፌዝ ጽሑፍ ሰበብ እንደተቃቃሩ የቤተሰቡ ትዝታ ይተርካል። ያም ሆነ ይህ በአገሩ በሩ ተዘጋበት። የዶክትሬት ማዕረጉን ያገኘው በጀርመን ግራይፍስቫልት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 እስኪሞት ድረስም በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ስሙን የሚመጥን ወንበር አላገኘም። የመንቆርን ሥርዓት ለዓለም ያስተማረው ሰው በምሁራን ጓሮ ከተነቋሪዎች ወገን ሆኖ ኖረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምናልባትም ከዚህ የተነሣ ይሆናል፣ ሼልደሩፕ ኤበ ከዶሮው ተነሥቶ እጅግ ሩቅ ሄደ። በበላይነት መርገጥ በፍጥረት ሁሉ ውስጥ ያለ፣ ከሕይወትም የማይነጠል መሠረታዊ ሕግ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ይህን ሐሳብ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ እንሰማዋለን። አለቃው በምክትሉ ይጮኻል፣ ምክትሉ በጸሐፊው፣ ጸሐፊው በተላላኪው። «ምን ይደረግ፣ ተፈጥሮ ነው» እንላለን። ዶሮን ለራሳችን ጠበቃ አድርገን ማቆም ይቀለናል፤ ዶሮ መልሳ አትጠይቀንምና።

*

ይህን መደምደሚያ ከጠየቁት አንዱ አሜሪካዊው ዋርደር አሊ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር የነበረው አሊ፣ ጦርነትን ከሚቃወሙት የኩዌከር ማኅበረ ምእመናን ወገን ሲሆን፣ እንስሳት በመተባበር የሚያገኙትን ጥቅም በማጥናት ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። እሱና ተማሪዎቹ የዶሮን ሥርዓት ከመሠረቱ መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ሥራ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ለነበራቸው ሴት ዶሮዎች የወንድ ሆርሞን በመርፌ ሲሰጣቸው ወደ ላይ እንደሚወጡ አሳዩ። የታችኛዋ የታች የሆነችው ተፈጥሮዋ ለዘለዓለም ስለፈረደባት አይደለም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ አሊና ባልደረባው ጉል ሌላ ጥያቄ አነሡ። ሥርዓት ለመንጋው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? አባላቱ የማይለዋወጡበትን የተረጋጋ መንጋ፣ ዶሮዎች በየጊዜው ከሚቀያየሩበት መንጋ ጋር አነጻጸሩ። በተረጋጋው መንጋ መናቆሩ አነሰ፤ ዶሮዎቹ የበለጠ በሉ፤ የበለጠ እንቁላልም ጣሉ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። በእናቴ ጓሮ መረጋጋቱን ያናጋው ማነው? አውራ ዶሮ በመንጋ ውስጥ ሲኖር በሴቶቹ መካከል ያለው ጠብ እንደሚበርድ ጥናቶች ያመለክታሉ። እኛ ደግሞ አውራውን ለገና በልተነዋል። ገብስማዋን «ክፉ» ያልናት እኛ፣ ለክፋቷ ሜዳውን የጠረግንላት እኛው ነበርን።

የዶሮ አርቢዎች ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰው የጠቡን ምክንያት ከመመርመር ይልቅ የጠበኛዋን መሣሪያ መንጠቅ ይቀናዋል። እ.ኤ.አ. በ1903 አንድሩ ጃክሰን የተባለ የቴነሲ ሰው ለዶሮ የዓይን መከላከያ መነጽር ሠርቶ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ቀልድ አይደለም፤ ዶሮዎቹ ዓይን ለዓይን እንዳይነቋቆሩ የታሰበ ነው። ኋላም ዶሮዋ ደም በቀይነቱ ለይታ እንዳታይ ቀይ መስታወት ያለው መነጽር ለገበያ ወጣ። ቀጥሎ መንቁርን በጋለ ስለት መቁረጥ የትልልቅ እርባታዎች ልማድ ሆነ። መንቁር ግን እንደ ጥፍር ጫፍ በድን አይደለም፤ ነርቭ ያለው ሕያው አካል ነውና ሕመሙ ከቁስሉ መዳን በኋላም ሊቀጥል ይችላል።

ምክንያቱ ግን ከመንቁሩ በላይ ነበር። ስድስት ዶሮ ዐሥራ አምስት ጥንድ ነው ብለናል። መቶ ዶሮ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ጥንድ ይሆናል። ይህን ሁሉ ውል የምትይዝ ዶሮ የለችም። ጠባብ የሽቦ ሣጥን ውስጥ ሲታጎሩ ደግሞ የተነቆረችዋ የምትሸሽበት ሥፍራ የላትም። የአውሮፓ ኅብረት እነዚህን ባዶ የሽቦ ሣጥኖች ከጃንዋሪ 2012 ጀምሮ የከለከለው የዶሮዎቹን ደኅንነት በሚመለከት ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካው ግን በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ሚውር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው ሥራ ነው። አርቢዎች ሁልጊዜ ከመንጋው ብዙ እንቁላል የምትጥለውን አንዷን መርጠው ዘር ያስቀጥላሉ። ችግሩ አንዳንዷ ብዙ የምትጥለው ጎረቤቶቿን ረግጣ፣ ምግባቸውን ነጥቃ ሊሆን መቻሉ ነው። ሚውር ብልጫ ያላትን አንዷን መምረጥ ትቶ፣ በአንድ ሣጥን አብረው የሚኖሩትን ዶሮዎች በጅምላ መዝኖ የተሻለውን ቡድን መረጠ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ የዓመቱ የሞት መጠን ከመቶ 68 ወደ መቶ 9 ገደማ ወረደ፤ የእንቁላሉም ምርት እጅግ ጨመረ። የመንቆር ሥርዓት ተፈጥሮ ነው፤ ምን ያህል ደም እንደሚያፈስ የሚወስነው ግን እኛ የምንመርጠውና የምንሠራው ቤት ነው።

*

ከንባቡ ወደ ጓሮው እንመለስ። እናቴ የገብስማዋን ፍርድ ለጊዜው አዘገየችልኝ፤ እኔም ዐዋቂ ነኝ ብዬ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ ስሕተት ነበር። መላጣዋን ለብቻዋ አውጥቼ፣ ቁስሏን ደሙ እንዳይታይ ሐምራዊ መድኃኒት ቀብቼ ሦስት ሳምንት አስቀመጥኳት። ዳነች፤ ወፈረችም። ስመልሳት ግን አምስቱም ተባብረው ተነሡባት። እንደ ባዕድ ተቆጥራ ነበርና። ያን ዕለት ሩጬ ባላወጣት ኖሮ ይገድሏት ነበር። ይህን የጻፈውን ሰው እያነበብኩ ይህን መሥራቴ ያሳፍረኛል።

ሁለተኛው ሙከራ የልጅቷ ምክር ነበር። «ጋሼ፣ የምትነቆረዋን ከምታስር ነቋሪዋን እሰር» አለችኝ። መላጣዋን በሽቦ ወንፊት ለይተን፣ እንዲተያዩ እንጂ እንዳይነካኩ አድርገን በዚያው ጓሮ አቆየናት። ገብስማዋን ደግሞ ፈጽማ በማታያቸው ሥፍራ ለሳምንት አሰርናት። ልጅቷ እንደተናገረችው ቀይዋ ወዲያው ነገሠች። ገብስማዋ ስትመለስ ከቀይዋ ጋር ሁለት ቀን ተዋጋች፤ ድል አድርጋ ዙፋኗን መለሰች፤ ግን ዓይኗ ሁሉ ቀይዋ ላይ ስለነበረ ሌሎቹን መከታተል ቀነሰች። በዚያ መካከል ወንፊቱን አነሣን።

ሦስተኛውና የጠቀመን ነገር ከሁሉ ቀላሉ ነው። ሁለተኛ ገንዳና ሁለተኛ የውኃ ሳፋ ከበርሜሉ ኋላ፣ ከመጀመሪያው በማይታይበት ቦታ አኖርን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዲት ዶሮ ሁለት የማይተያዩ ገንዳዎችን በአንድ ጊዜ መጠበቅ አትችልም። ቆጡን ሁለት እኩል ከፍታ ያላቸው እንጨቶች አደረግነው፤ የላይኛው ለአንዷ፣ የታችኛው ለሌላዋ መሆኑ ቀረ። ጥሬውን በአንድ ሥፍራ መከመር ትተን በግቢው ሁሉ በተንነው። ጥቅል ጎመንም በገመድ አንጠለጠልን፤ ሥራ ያላት ዶሮ ለጠብ ጊዜ አይተርፋትም።

አሁን የምነግርህ ግን በማንም ጥናት ውስጥ ሳላነብ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ሁለተኛው ገንዳ በተቀመጠበት ዕለት መላጣዋ ከአጠገቡ ቆማ ነበር። የሚከለክላት አልነበረም። ገብስማዋ በወዲያኛው በኩል ናት፤ አትታይም። ፉርሽካው ከእግሯ ሥር ነው። መላጣዋ ግን አልበላችም። ሌሎቹ ጠግበው አመድ ላይ መንከባለል እስኪጀምሩ ጠበቀች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ነክሳ ሸሸች። በአምስተኛው ቀን አንገቷን ደፍታ በላች።

እኔና ልጅቷ አብረን እያየናት ነበር። «ሰው የለም እኮ፣ ለምን አትበላም?» አልኳት እንደ መገረም ብዬ። ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ጋሼ፣ የለመደ ሰውነት ቶሎ አያምንም» አለችኝ። ከዚያ ገብታ ምሳ አቀረበች። እናቴና እኔ በላን። እሷ እንደ ሁልጊዜው ሳህኖቹን ካነሣች በኋላ ማድ ቤት ገብታ የቀረውን በላች።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትበላ አላየሁም ማለት ውሸት ነው። አይቼአለሁ፤ ግን አልቆጠርኩም። የዶሮዎቹን ዝርዝር እንዴት እንዲያ አጥርታ እንዳወቀች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከላይ የተቀመጠ ሰው ሥርዓቱን አያየውም፤ ጠግቦ ይነሣል። ከመጨረሻ የሚበላ ግን ማን ከማን በፊት እንደሚበላ፣ ማን ሲቆጣ ማን ላይ እንደሚወርድ ጠንቅቆ ያውቃል። ማወቅ አለበት፤ የሚኖረው በዚያ ዕውቀት ነው። ሼልደሩፕ ኤበም የጻፈው ፍልስፍና ባይጥመኝ፣ ዓይኑ ለምን እንደዚያ ስለታም እንደነበረ አሁን የማውቅ ይመስለኛል።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ የድሃ ልጆችን ያስተማረች፣ ለልጅቷም በሽታ ላይ ስትወድቅ አጠገቧ ያደረች ሴት ናት። መጀመሪያ ተቆጣች። «ከዶሮ ጋር ታመሳስለኛለህ?» አለች። ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በማግሥቱ ምሳ ሲቀርብ ሦስተኛ ወንበር ስባ፣ «ነይ አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ፤ ወጡ ሳይበርድ» አለቻት። ልጅቷ «ቆይ እትዬ፣ ልመጣ ነው» ብላ አልመጣችም። በሁለተኛውም ቀን ሥራ አገኘች። በሦስተኛው ቀን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት ጉርሻ በልታ ተነሣች። እናቴና እኔ ተያየን፤ አንዳችንም ስለ መላጣዋ አላነሣንም። ሳምንት ያህል ፈጀ።

አንድ ወንበር መሳብ የአገርን ሥርዓት ይለውጣል ብዬ አንባቢን አላታልልም። ደመወዟ ያው ነበር፤ ድካሟም ያው ነበር፤ ደመወዙን የጨመርነው ቆይተን፣ እሷም ጠይቃ ነው። የማታ ትምህርት የጀመረችውም በራሷ ጥረት እንጂ በእኛ ቸርነት አይደለም። እኔ ለመናገር የምደፍረው ይህን ብቻ ነው። «ተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው መጀመሪያ ከሚበላው አፍ ነው። ገንዳውም፣ ቆጡም፣ ወንበሩም ግን የተፈጥሮ ሥራዎች አይደሉም፤ የሰው እጅ ያኖራቸው ናቸው፤ ያኖራቸው እጅ ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል።

መላጣዋ በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ እንደገና መጣል ጀመረች። ገብስማዋ አልታረደችም፤ ለፋሲካ ከገበያ ሌላ ተገዛ። ይህን ስጽፍ አርጅታ፣ እንቁላሏ ሳስቶ፣ አሁንም ከመጀመሪያው ገንዳ መካከል ቆማ ትነቁራለች። ጠባይዋ አልተለወጠም፤ የምትጎዳው ግን አነሰ። ልጅቷ ባለፈው መስከረም ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። ዕቃዋን ሸክፋ ከበሩ ከመውጣቷ በፊት ወደ ጓሮ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ የበርሜል ኋላውን ገንዳ ማን ይሞላዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ እሞላዋለሁ አልኳት። በየጠዋቱም እሞላለሁ።